ብረትን ጎማ ማልበስ፦ በፒክአፕ ካሶኒ ላይ ስለሚረጨው ሽፋን የተደረገ ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. በ2016 ሸቭሮሌ ብዙ ያከራከረ ማስታወቂያ አወጣ። የራሱን ሲልቨራዶና የተፎካካሪውን ፎርድ ኤፍ-150 ጎን ለጎን አቆመና 374 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የግቢ ብሎኬት ከሎደር አካፋ በሁለቱም ካሶኒ ላይ ዘረገፈው። የሲልቨራዶው ብረት ተቧጨረ፣ ጎደጎደ። ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አካሉ ከአሉሚኒየም የሚሠራው ኤፍ-150 ግን ወለሉ ተበሳ። ብረት ይሻላል፣ አሉሚኒየም ይሻላል የሚለው ሙግት ወዲያው ጦፈ። በሙግቱ መሀል የተዘለለው ነገር ሁለቱም ካሶኒዎች ከፋብሪካ ቀለማቸው በቀር ምንም ያልለበሱ መሆናቸው ነው። ፒክአፑን ለእንጀራው የሚያሠራ አሜሪካዊ ብሎኬትና ፍርስራሽ በባዶ ካሶኒ መጫን አይወድም። ወይ ፕላስቲክ ያነጥፍበታል፣ ወይ ጎማ መሰል ሽፋን ያስረጭበታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። (የዘመን አቆጣጠሩ ሌላ ካልተባለ በቀር የአውሮፓውያን ነው።)

ካሶኒን ከጭነት የማዳን ነገር የቆየ ጣጣ ነው። ፎርድ ራሱ ሠርቶ የሸጠው የመጀመሪያው ፒክአፕ በ1925 በ281 ዶላር ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የበርካታ አሜሪካ ሠራሽ ፒክአፖች ወለል ሳንቃ ነበር። በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ላይ ቀጫጭን ብረት ይዘረጋና ዕቃው በእሱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሳንቃ ሲሰበር ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ወለሉ ሙሉ በሙሉ ላሜራ ሲሆን ግን ጣጣው መልኩን ቀየረ። ላሜራ እንደ ሳንቃ በቀላሉ አይለወጥም፣ ዝገትም ይበላዋል። ዝገቱን የሚጠራው ደግሞ የጭነቱ ክብደት ሳይሆን ጭረቱ ነው። አካፋ ቀለሙን በላጠበት መስመር ውሃ ይገባል። በረዶ ሲጥል አስፋልቱ ላይ ጨው በሚበተንባቸው እንደ ሚሺጋን፣ ኦሃዮና ሚኒሶታ ባሉ ግዛቶች ደግሞ የሚገባው ጨዋማ ውሃ ነው። ሚኒሶታ የሚኖር ወገናችን መኪና ከሥሩ እንዴት እንደሚበላ ከማንም በላይ ያውቃል።

መጀመሪያ የተስፋፋው መላ ፕላስቲክ ነበር። በካሶኒው ልክ የተቀረጸ ወፍራም ንጣፍ ከላይ ይገባና በብሎን ይያዛል። ርካሽ ነው፣ ከባድ ዕቃ ሲወድቅበትም ምቱን በመጠኑ ይችላል። ጉዳቱ ከሥሩ ነው። መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፕላስቲኩ ቀለሙን ይፍቃል፣ በመሀሉ የገባው ውሃና አሸዋም መውጫ ያጣል። ከዓመታት በኋላ ሲነሳ ሊጠብቀው የተገዛለትን ላሜራ ራሱ ዝገት አልብሶት ይገኛል። ሌላም መዘዝ አለው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም፣ በአጭር ስሙ ኒዮሽ፣ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ካሶኒ ላይ እንዳለ ጀሪካን ቤንዚን መሙላት እሳት እንደሚያስነሳ በ1998 አስጠንቅቋል። ቤንዚን ሲፈስ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንዳይወርድ ፕላስቲኩ ይከለክለዋል። በተለይ ዕቃው የብረት ከሆነ ይጠራቀምና በመሙያው አፍ ላይ ይፈነጥራል። ጀሪካኑን አውርዶ መሬት ላይ አስቀምጦ መቅዳት ነው። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ይዘን ለምንሰለፈው ለእኛም ይጠቅማል፤ ካሶኒው የተረጨ ቢሆንም ምክሩ ያው ነው።

የሚረጨው ሽፋን ዘሩ ከጀርመን ይመዘዛል። ኬሚስቱ ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ በ1937 በሌቨርኩዘን ፖሊዩሬቴን የተባለውን ቁስ ሠሩ። ዛሬ የስፖንጅ ፍራሹ፣ የጫማ ሶሉ፣ የመኪና ቀለሙ ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በ1980ዎቹ ደግሞ በቴክሳኮ የኬሚካል ኩባንያ ዳድሊ ፕሪሞ የተባለ ተመራማሪ የቅርብ ዘመዱን ፖሊዩሪያን በመርጫ የሚረጭ አድርጎ አወጣው። ሙያውን ወደ ንግድ ከለወጡት መካከል ስማቸው የገነነው ሁለት ናቸው፦ በ1988 የተቋቋመው የሳን ዲዬጎው ራይኖ ላይኒንግስ እና በ1993 የተቋቋመው ላይን-ኤክስ። ሁለቱም ቁሱንና ማሽኑን በየከተማው ላሉ አነስተኛ ጋራዦች እያቀረቡ፣ በስማቸው እያሠሩ ተስፋፉ። ኋላ የመኪና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ገቡበት። ኒሳን ከ2004ቱ ታይታን ጀምሮ ከፋብሪካ የተረጨ ካሶኒ አቀረበ፤ ዛሬ አብዛኞቹ የአሜሪካ ፒክአፕ አምራቾች በተጨማሪ ክፍያ ረጭተው ይሸጣሉ። ቶዮታ በበኩሉ ከ2005ቱ ታኮማ ወዲህ ወለሉን ከነጭራሹ ላሜራ ከመሆን አውጥቶ በፋይበር ከተጠናከረ ፕላስቲክ መሥራት ጀመረ። ሙግቱን ከሥሩ ያደረቀ መላ ነው፤ ለምን ሌሎቹ በብዛት እንዳልተከተሉት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሠራሩ ሲያዩት ከቀለም መቀባት ጋር አንድ ይመስላል፤ በጣም ይለያል እንጂ። ሁለት በርሜል አለ። በአንደኛው አይሶሳይኔት የተባለው ኬሚካል፣ በሌላው ከእሱ ጋር የሚጋባው ሬዚን። ማሽኑ ሁለቱንም ለየብቻ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ፣ በሞቀ ቱቦ ልኮ፣ በመርጫው አፍንጫ ውስጥ ከ2,000 ፒኤስአይ በላይ በሆነ ግፊት ያጋጫቸዋል። እስከዚያች ቅጽበት አይገናኙም። ከተገናኙ በኋላ ደግሞ የሚያቆማቸው የለም። ፖሊዩሪያ ብረቱ ላይ ካረፈ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ጣት መያዙን ይተዋል። በቆመ ስፖንዳ ላይ ተረጭቶ ወደ ታች የማይወርደው፣ ጠዋት የገባው ፒክአፕም ማታ የሚወጣው ለዚህ ነው። በአብዛኛው ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሚሊሜትር ይደርሳል። የመጨረሻው ዙር ራቅ ተብሎ ይረጫል። ጠብታዎቹ ገና በአየር ላይ መርጋት ስለሚጀምሩ ላዩ ሸካራ ይሆናል፣ ሳጥንና ጆንያም እንዳይንሸራተት ይይዛል።

ፖሊዩሬቴኑ ቀስ ይላል። ቀስ ማለቱ ሁለት መልክ አለው። ብረቱን ለማርጠብና በጭረቱ ውስጥ ሰርጎ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል፤ በዚያው ልክ ግን አየሩ እርጥብ ከሆነ አይሶሳይኔቱ ከውሃው ጋር ይጣላና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈጥሮ ሽፋኑን በአረፋ ይነፋዋል። ፖሊዩሪያ ከውሃው ቀድሞ ስለሚጨርስ ለእርጥበት ግድ የለውም። ፍጥነቱ ግን መልሶ ይጎዳዋል፤ ላዩ ረግቶ ሥሩ ብረቱን በወጉ ሳይዝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በገበያ ላይ ያለው ብዙው ምርት ሁለቱን ያዳቀለ ነው።

ገዢዎች የሚጨቃጨቁት ግን በዚህ አይደለም። እነሱ የሚሉት «ጠንካራው ይሻላል ወይስ ለስላሳው?» ነው። ራይኖ በሰፊው የታወቀው ለስለስ ባለውና ዕቃን ቆንጥጦ በሚይዘው ፖሊዩሬቴኑ ሲሆን ላይን-ኤክስ የታወቀው ጠንከር ባለው ነው። ለስላሳው ምትን ይውጣል፣ ዕቃ አያንሸራትትም፤ ስለታም ብረት ሲጎተትበት ግን ይቀደዳል። ጠንካራው መቀደድን ይቋቋማል፣ ለመታጠብም ይመቻል፤ ፍሪጅ የጫነ ሰው ግን መንገድ ላይ ሲንሸራተትበት ይሰማል። ስለዚህ መልሱ ያለው በሚጫነው ነገር ነው። ፌሮ፣ ድንጋይና አሸዋ የሚጭን ሰው ጠንካራውን፣ የቤት ዕቃና ካርቶን የሚያመላልስ ለስላሳውን ቢመርጥ አይጸጸትም። ከዚያ ባለፈ የብራንድ ፍልሚያው የሻጮቹ ነው፤ ራይኖም ዛሬ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸውን ዓይነቶች ይሸጣል።

ከጥንካሬው ይልቅ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚያውቀው የፀሐይን ነገር ነው። ርካሾቹ ዓይነቶች አሮማቲክ ከሚባለው አይሶሳይኔት የተሠሩ ስለሆኑ ፀሐይ ሲመታቸው ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይደበዝዛል፣ ላዩም ያመዳል። ሥራውን አያቆምም፤ መልኩ ግን ይከዳል። አሊፋቲክ የሚባለው ዓይነት ቀለሙን ይጠብቃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ብዙ ባለሙያዎች ከሥር አሮማቲኩን ወፍራም አድርገው ከላይ ቀጭን አሊፋቲክ ይደርቡበታል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ የፀሐይዋ ጨረር ይበልጥ ስለሚበረታ ይህች ድርብርብ ቅንጦት አይደለችም።

ሽፋኑን የሚያኖረው ወይም የሚገድለው ግን ከመረጨቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። ስለ ብራንድ የሚባክነው ወሬ ግማሹ እንኳ እዚህ ላይ ቢውል ብዙ ገንዘብ ይድን ነበር። የኋላው በርና ማሰሪያ ቀለበቶቹ ይነቀላሉ፣ ብሎኖቹ ይወጣሉ ወይም በደንብ ይሸፈናሉ። ቅባቱ በሟሟ ይታጠባል። ከዚያ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ብልጭታው እስኪጠፋ፣ እያንዳንዱ ጥግና ሽንሽን ሳይቀር፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ሽፋኑ የሚይዘው በነዚያ ጥቃቅን ጭረቶች ውስጥ ሰርጎ ነው እንጂ ተለጥፎ አይደለም። ዝገት ካለ ንጹሕ ብረት እስኪወጣ ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ከዚያም መስኮቱ፣ ጎማው፣ ጋቢናው ሁሉ በፕላስቲክ ይጠቀለላል፤ ጭጋጉ መስታወት ላይ ካረፈ ማስለቀቁ መከራ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ጋራዥ አብዛኛውን ሰዓቱን የሚጨርሰው በዚህ ሲሆን ርጭቱ ራሱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም። በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 800 ዶላር የሚጠየቀውም ከቁሱ ይልቅ ለዚህ ድካም ነው።

ዝግጅቱ የተዘለለ እንደሆነ ሽፋኑ ጠላት ይሆናል። ጠርዙ በአንድ ቦታ ብድግ ይላል፣ ውሃ ይገባል። ሽፋኑ ውሃ የማያሳልፍ ነውና የገባው አይወጣም። ላዩ ጥቁርና ጤናማ እንደሆነ ከሥሩ ላሜራው ያልቃል። ከፋብሪካ የሚወጣው የተረጨ ካሶኒ ትልቁ ብልጫውም ይኸው ነው፤ ቁሱ የተለየ ስለሆነ ሳይሆን ጭነት ቀምሶ በማያውቅ ንጹሕ ብረት ላይ ስለሚያርፍ።

ራስህ ቀባው የሚሉት ዓይነቶች የሚወድቁትም እዚሁ ላይ ነው። የእንግሊዙ ዩ-ፖል የሚያመርተው ራፕተር በጠርሙስ ይመጣል፤ ሦስት እጅ ቁስ ከአንድ እጅ ሃርድነር ጋር ተናውጦ በተራ ኮምፕሬሰር ይረጫል። ሄርኩላይነር የመሳሰሉት ደግሞ በሮለር ይቀባሉ። ከባለሙያው ርጭት ይሳሳሉ፣ ዋጋቸውም በእጅጉ ይቀንሳል። በትዕግሥት በተፈገፈገ ብረት ላይ ካረፉ ለዓመታት ያገለግላሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በጥድፊያ ከተቀቡ ግን ከዓመት በኋላ በጥፍር ይነሳሉ። ጉረኛ ማስታወቂያ የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። የትኛውም ሽፋን ላሜራውን አያወፍረውም። ጭረትን ይከላከላል፣ ምቱን በሰፋ ቦታ ይበትናል፤ የሸቭሮሌው ብሎኬት ቢወድቅበት ግን ብረቱ ከነሽፋኑ መጎድጎዱ አይቀርም።

ከፒክአፕ ውጭ ያለው ታሪኩ ከፒክአፑ ይበልጣል። ሰኔ 25 ቀን 1996 በሳዑዲ ዓረቢያ በኮባር ታወርስ በደረሰው ፍንዳታ 19 የአሜሪካ አየር ኃይል አባላት ሞቱ፤ እጅግ ብዙዎችም በተፈናጠረ መስታወትና ፍርስራሽ ቆሰሉ። ከዚያ ወዲህ የአየር ኃይሉ ተመራማሪዎች በፍሎሪዳ በሚገኘው የቲንዳል ጦር ሰፈር የብሎኬት ግድግዳ እያቆሙ፣ ከውስጥ በኩል ፖሊዩሪያ መሰል ሽፋን እየረጩ በፈንጂ ሞከሩት። ሽፋኑ ፍንዳታውን አያቆምም። ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ወደ ውስጥ ይለጠጣል፤ ስብርባሪው ግን ጆንያ ውስጥ እንደገባ ጠጠር እዚያው ተይዞ ይቀራል። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የላይን-ኤክስ ፓክስኮን የተባለው ሽፋን በፔንታጎን ግድግዳዎች ላይ ተረጭቷል። በቻይና ደግሞ በ2011 ሥራ የጀመረው 1,318 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቤይጂንግ–ሻንጋይ ፈጣን ባቡር ድልድዮች ውሃ እንዳያስገቡ የተረጩት በፖሊዩሪያ ነው። ለእኔ የቁሱ ትልቁ ፈተና ይሄኛው ይመስለኛል፤ ባቡር በላዩ ሲያልፍበት፣ ኮንክሪቱ በሙቀትና በብርድ ሲሰፋና ሲጠብ አብሮ የሚለጠጥ ሽፋን ነው የተፈለገው። የነዳጅ ታንከሮች ዙሪያ፣ የፍሳሽ ጉድጓዶች፣ የጀልባ ወለሎችም አሉ። በአውስትራሊያ ከ45 ሜትሩ የጂንጂን ዘመም ግንብ ሽፋን ለብሶ ተወርውሮ ሳይፈነዳ የነጠረው ሐብሐብ ዓለምን አስቆ ነበር፤ ስለ ካሶኒ ግን የሚያስተምረን ነገር የለም።

ሻጮቹ ድምፃቸውን የሚቀንሱበት ምዕራፍ ስለሚረጨው ሰው ነው። «ሟሟ የለውም፣ ሽታ የለውም» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ አሳሳችም ነው። በብዛት የሚረጨው ኤምዲአይ የተባለ አይሶሳይኔት ሲሆን የሽታው ማስጠንቀቂያ ደካማ ነው። ሽታው ሲሰማህ ከሚፈቀደው በላይ ተንፍሰሃል ማለት ነው። የአሜሪካ ሕግ በሥራ ቦታ የሚፈቅደው ጣሪያ ከቢሊዮን እጅ አየር 20 እጅ ብቻ ነው። የቁሱ ተንኮል ሰውነትን ማስቆጣቱ ነው። አንድ ሠራተኛ ለወራት፣ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ይረጭና አንድ ቀን ሳንባው እንቢ ይላል። ከዚያ በኋላ ኢምንቷ ጭጋግ እንኳ አስም ትቀሰቅስበታለች፤ ሥራውን ከመተው ሌላ አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። በ2003 በሚሺጋን አንድ የ45 ዓመት ሠራተኛ ቫን ውስጥ ይህንኑ ሽፋን ከረጨ በኋላ በአስም ጥቃት ሞተ። ኒዮሽ በ2006 በቀጥታ ለዚህ ሙያ ብሎ ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሚመክረው ከርቀት በቱቦ ንጹሕ አየር የሚያቀብል መተንፈሻ፣ የተዘጋና አየሩ ወደ ውጭ የሚሳብ ክፍል፣ ሙሉ ልብስና ጓንት ነው። ክፍሉ የሚያስፈልገው ለሚረጨው ብቻ አይደለም፤ ጎን ሆኖ ጎማ የሚፈታው ልጅም ይተነፍሳል። የአውሮፓ ኅብረት ከነሐሴ 24 ቀን 2023 ጀምሮ እነዚህን ኬሚካሎች በሙያው የሚነካ ሁሉ መጀመሪያ ሥልጠና እንዲወስድ አስገድዷል።

ይህ ከእኛ የራቀ ወሬ አይደለም። በአገራችን ጋራዦች ከመኪና ቀለምና ከቫርኒሽ ጋር የሚቀላቀለው ሃርድነር ብዙ ጊዜ ኤችዲአይ የሚባለውን ሌላውን አይሶሳይኔት የያዘ ነው። አፉን በጨርቅ ብቻ አስሮ፣ አጥር ጥግ፣ ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ የሚረጭ ቀለም ቀቢ ብርቅ አይደለም። ጨርቁ አቧራውን ያስቀር ይሆናል፤ ይህንን ግን አያስቀርም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏልና ያለውን መኪና የማቆየት ፍላጎት ይጨምራል፤ የራፕተር ዓይነት ጠርሙሶችም ከዚህ በላይ መግባታቸው አይቀርም። ጋራዡ የሚገዛው መጀመሪያ ሽፋኑን ሳይሆን መተንፈሻውን መሆን አለበት።

ለባቲላሜራ ደግሞ የተለየ አደጋ አለ። የተረጨ ካሶኒ ተጋጭቶ ሲመጣ ላሜራውን ለማቅናት ወይም ለመበየድ ሽፋኑ መነሳት አለበት፤ እንደ ቀለም በቀላሉ አይላጥም። አንዳንዱ ሰው በእሳት ያቃጥለዋል። ፖሊዩሬቴንና ፖሊዩሪያ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ መልሶ አይሶሳይኔት፣ በላዩም ሃይድሮጅን ሳያናይድ አለበት። በመጠኑ በሙቅ አየር እያለሰለሱ በመፋቂያ ማንሳት ነው፤ አድካሚ ነው፣ ሰዓቱም በሒሳቡ ላይ መታሰብ አለበት። መላ የመኪናውን አካል በዚህ ሽፋን የማስረጨት ፋሽን የያዛቸው ሰዎችም ይህንን አስቀድመው ቢያስቡበት ይበጃል፤ በር ላይ የምትደርስ ትንሽ ግጭት ትልቅ ወጪ ትሆናለች።

ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰውስ? በቅርቡ የተረጨ፣ ድምቅ ያለ ካሶኒ ሲያይ ሻጩ መኪናውን እንደተንከባከበ ሊያስብ ይችላል። ሽፋኑ ግን ቀዳዳንም፣ ስቱኮንም፣ ዝገትንም እኩል ይደብቃል። የብሎኖቹን ጭንቅላት ይይ፤ በሽፋኑ ውስጥ ተቀብረው ከሆነ ካሶኒው ሳይፈታ ነው የተረጨው። ጠርዞቹን በጥፍር ይሞክር፣ ወለሉን በጣት እያንኳኳ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ ያዳምጥ። ከሁሉ በፊት ግን መኪናውን ሊፍት ላይ አውጥቶ በባትሪ ከታች ያብራበት፤ ሽፋኑ የሚረጨው ከላይ ብቻ ስለሆነ የካሶኒው ወለል ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት፣ ከጎማው በላይ ጭቃ በሚጠራቀምበት ጥግ ያለውን ዝገት ሊሸሽገው አይችልም።